በአዳማ «የእጅ ሥራ ምንጣፍ» እየተባለ የሚሸጠው ምንድን ነው? ጥያቄውና የመጡት መልሶች

መነሻው ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የእጅ ሥራ ምንጣፍ ልገዛ ፈልጌ አዳማ ውስጥ ያልገባሁበት የምንጣፍ ሱቅ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ጋ የእጅ ሥራ አለ ይሉኛል። ገልብጬ ሳየው ግን ጀርባው ላይ ጨርቅ ተለጥፏል። ዘርፉ በስፌት መኪና የተሰፋ ነው። አንዱ ሱቅ ውስጥ ዘርፉን ትንሽ ሳብ ሳደርገው ስፌቱ ተተርትሮ እጄ ላይ ቀረ። ሻጩም ተቆጣኝ። ዋጋው ደግሞ የእጅ ሥራ ዋጋ ነው፤ ቀልድ የለም።

አቋሜን ልናገር። የማሽኑን የማሽን ነው ብሎ መሸጥ ምንም ነውር የለውም። የማሽኑን በእጅ ስም መሸጥ ግን የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። ወራት ሙሉ ተቀምጦ አንድ በአንድ የሚቋጥረውን ሰው ከገበያ ያስወጣዋል። ምክንያቱም አንዴ የተታለለ ገዢ እውነተኛውን ሲያይም አያምንም፣ ዋጋውንም መክፈል አይፈልግም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። እውነተኛውን በምን እንለየው? ደግሞስ በአገራችን የበግ ጸጉር፣ በተለይ በመንዝ በግ ጸጉር፣ ምንጣፍ የሚሠራ ሰው እዚህ አካባቢ ታውቃላችሁ?

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ረዘመ። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ ጨዋ ናት። አመስግና ጀመረች። ለሠርጓ የገዛችው ምንጣፍ ከሥሩ ነጭ ዱቄት እያራገፈ እንዳስቸገራት፣ ጠርጋ ሳትጨርስ ተመልሶ እንደሚመጣ ነገረችን። የእጅ ሥራ ነው ተብላ ነበር የገዛችው። ዱቄቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እንዲነግራት ለመነች።

መልስ 2። ምንጣፍ ነጋዴ ነኝ ያለ ሰው ነው። ገና ከመግቢያው ተቆጥቷል። ነጋዴውን በሙሉ ሌባ አታድርጉት ነው ሐሳቡ። የአዳማ ሰው የሚፈልገው ቶሎ የሚታጠብ፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ኪስ የማይጎዳ ምንጣፍ እንደሆነ፣ ከቱርክ የሚገባው የማሽን ምንጣፍም ይህን እንደሚያሟላ አስረዳ። እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው። የማሽኑ በእጅ ስም ለምን እንደሚሸጥ ግን ትንፍሽ አላለም።

መልስ 3። ይሄኛው ሰው በሙያው ውስጥ የኖረ መሆኑ ያስታውቃል። መጀመሪያ የመልስ 1ን ዱቄት ፈታላት። ሙጫ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ምንጣፍ የሚሠራው በእጅ በሚያዝ መውጊያ መሣሪያ ክሩን ሸራ ላይ እየወጉ ነው። ቋጠሮ የሚባል ነገር የለውም። ክሩ እንዳይወልቅ ጀርባው ሙጫ ይቀባል፣ ከዚያ ሙጫው እንዳይታይ ሌላ ጨርቅ ይለጠፍበታል። ዓመታት ሲያልፉ ሙጫው ይደርቅና ይፈረፈራል። ሰው እጅ ነክቶታልና ሻጩ የእጅ ሥራ ነው ብሎ ይከራከራል። ግን ተቋጥሮ ከተሠራው ጋር ዋጋውም ዕድሜውም አይገናኝም።

ከዚያ ወደ እውነተኛው ሄደ። ድሩ በቆመ እንጨት ላይ ከላይ እስከ ታች ይወጠራል። ሠራተኛው ከታች ጀምሮ አንድ ቁራጭ ክር ሁለት የድር ክሮች ላይ ይቋጥራል፣ ይስባል፣ በቢላ ይቆርጣል። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ማግ ያስገባና በከባድ ማበጠሪያ ወደ ታች ይመታዋል። በመጨረሻ ፊቱን በመቀስ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ሲገለበጥ የፊቱ አበባ ጀርባው ላይም ቋጠሮ በቋጠሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዘርፉም የድሩ ጫፍ ራሱ ነው፤ ከውጭ መጥቶ የተሰፋ አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ። በማሽን የተሸመነ ምንጣፍም ጀርባው ላይ ንድፉ ሊታይ ስለሚችል ጀርባ ማየት ብቻውን አይበቃም። ረድፉ በማስመሪያ የተሰመረ ከመሰለ፣ ዘርፉም ከተሰፋ፣ የማሽን ነው። የእጁ ወርዱ እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይሆንም፣ ትንሽ ይሰፋል ይጠባል። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመነሻው ጥያቄ ግማሹ እዚህ ላይ ተመለሰ።

መልስ 4። የክሩን ዓይነት በእሳት መለየት እንደሚቻል የነገረን ነው። ትንሽ ክር ነቅሎ ማቃጠል ነው። የበግ ጸጉር ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲጨፈለቅ ይደቅቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ደርቆ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

መልስ 5። ነጋዴው ተመልሶ መጣ። ሱቁ ውስጥ ክብሪት የሚጭር ሰው እንዳያይ በአንድ መስመር አስጠነቀቀ። በዚህ እስማማለሁ። ክሩን ባለቤቱን ጠይቆ ወስዶ ውጭ መሞከር ይቻላል። የማይፈቅድ ሻጭ ካለ እሱም ራሱ መልስ ነው።

መልስ 6። አንድ ልጅ በወኔ ገባ። የመንዝ ባና ራሱ የተቋጠረ ምንጣፍ እንደሆነ፣ እኛ ከጥንትም የምንጣፍ አገር እንደነበርን ጻፈ።

መልስ 7። ከደብረ ብርሃን አካባቢ መጥታ አዳማ የምትኖር ሴት አረመችው፤ በትሕትና ነው ያረመችው። ባና ዝም ብሎ የሚሸመን እንጂ ቋጠሮ የለውም። ቁር ለማባረር የሚለበስ ነው፤ በርኖሱም እንደዚያው ከበግ ጸጉር ነው የሚሠራው። ከዚያ ስለ እናቷ ጻፈች፤ ከውይይቱ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። በጉ ይሸለታል፣ ጸጉሩ ይታጠባል፣ ቆሻሻው እየተለቀመ ይፍታታል፣ ይነደፋል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነበር። እናቷ ምሽት እሳት ዳር ተቀምጣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾረዋለች። የጸጉሩ ቅባት ጣቷ ላይ ስለሚቀር እጇ ክረምት ከበጋ ለስላሳ ነበር፤ ቤቱም ልብሱም በግ በግ ይሸት ነበር። ባናው ሲሸጥ ግን ገንዘቡ የሚቆጠረው በሸማኔው እጅ ነው። አብዛኛውን ሰዓት የሚበላው ግን ሽመናው ሳይሆን ፈትሉ ነው። ለእናቷ የፈትል ብሎ የሚከፍል ሰው እንዳላየች ጽፋ አቆመች።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። የእጅ ሥራ ምንጣፍ ተወደደ ስንል የሚታየን ወጣሪውና ቋጣሪው ብቻ ነው። ከእሱ በፊት የሸለተች፣ ያጠበች፣ የፈተለች ሴት አለች። የእሷ ዋጋ ካልተቆጠረ ያ ምንጣፍ የረከሰው በእሷ ጉልበት ነው።

መልስ 8። ሒሳብ የሚወድ ሰው ብቅ አለ። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ምንጣፍ 60,000 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 16 ቋጠሮ ቢኖረው፣ እሱም በጣም ረቂቅ የሚባል አይደለም፣ በጠቅላላው 960,000 ቋጠሮ ይሆናል። እጁ የለመደ ሠራተኛ በቀን 8,000 ቋጠረ ብንል 120 የሥራ ቀን ይፈጃል። የፈትሉ፣ የማቅለሙና የመወጠሩ ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ይህን በዕለት የቀን ሠራተኛ ክፍያ አባዙትና ከዚያ ተወደደ በሉ ነው መልእክቱ።

መልስ 9። አንዱ ጥርጣሬ ገባው። አንድ እንጨት ላይ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ሊቀመጥ ስለሚችል 120 ቀኑ ወደ 40 እንደሚወርድ ተከራከረ። መልስ 8 ወዲያው ተመልሶ፣ ቀኑ ቢያጥርም የሚከፈለው ሰው ሦስት ስለሚሆን ወጪው ንቅንቅ እንደማይል አሳየው። ልክ ነው።

መልስ 10። የታሪክ መምህር ይመስሉኛል፤ ሁሉም አንቱ እያለ ነው የመለሰላቸው። እስካሁን ከተገኙት በቋጠሮ የተሠሩ ሙሉ ምንጣፎች ሁሉ ጥንታዊው በሳይቤሪያ፣ በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ ከተባለው ሥፍራ እንደወጣ ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1949 ሰርጌይ ሩዴንኮ የተባለ ሩሲያዊ የከርሰ ምድር ተመራማሪ ነው ከመቃብር ያወጣው። መቃብሩ ውስጥ ውኃ ገብቶ በረዶ ስለሠራ ምንጣፉ ሳይበሰብስ ቆየ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5ኛው እስከ 4ኛው ክፍለ ዘመን ያለ ነው። ዙሪያውን አጋዘንና ፈረሰኛ ተሠርቶበታል። በካሬ ሴንቲሜትር 36 ቋጠሮ ገደማ አለው። መልስ 8 ካሰላው በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት!

መልስ 11 እና 12። እዚህ ጋ ነገሩ ጦዘ። አንዱ ምንጣፍ የፋርስ፣ የዛሬዋ ኢራን፣ ነው አለ። ሌላው በፓዚሪኩ ላይ ያለው ቋጠሮ በሁለቱም የድር ክሮች ላይ እኩል የሚዞረው፣ የቱርክ ቋጠሮ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ የቱርክ ነው ብሎ ተነሳበት። የፋርስ የሚባለው አንዱን የድር ክር ሙሉ ይዞራል፣ በሌላው ሥር ብቻ ያልፋል። ስሙ እንዲህ ይባል እንጂ ቋጠሮው ራሱ የዜግነት መታወቂያ አይደለም፤ ኢራን ውስጥ በቱርኩ ቋጠሮ የሚሠሩ ብዙ አሉ። ሁለቱም ይህን ሊሰሙ አልፈለጉም። ንግግሩ አንተ መሀይም ወደመባባል ወረደ።

መልስ 13። መምህሩ ገላገሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የኢራኖቹን የፋርስ ክፍለ ሀገርና የካሻን አካባቢ የምንጣፍ ሙያ እንዲሁም የአዘርባጃንን በአንድ ዓመት መመዝገቡን አስታወሱ። ለንደን ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ስላለው የአርደቢል ምንጣፍም ነገሩን። ከ10 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ መቅሱድ የሚል ስምና እ.ኤ.አ. ከ1539 እስከ 1540 ጋር የሚገጥም የሂጅራ ዓመት ተሠርቶበታል። በዚያ ዘመን የሠራተኛ ስም ምንጣፍ ላይ መውጣቱ ደስ አሰኝቶኛል። እዚህ አገር ከምንገዛው ስንቱ ላይ የሠሪው ስም አለ?

መልስ 14። የመልስ 6 ልጅ አልተሸነፈም። በጎንደር ዘመን ተሠርቶ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ስለሚገኘው፣ ወደ 5 ሜትር ቁመት ስላለው የሐር ሥራ አነሳ።

መልስ 15። መጋረጃ ነው፣ ምንጣፍ አይደለም ብለው አስቆሙት። እውነት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነው፣ ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች እየተዞረ የተሸመነ። ልጁ ግን መሠረቱን አልሳተም። ያን ያህል ሥራ የሠራ እጅ እዚህ አገር ነበረ።

መልስ 16። አንዲት እናት ረቂቅ ቋጠሮ የሚያምረው የሕፃን ጣት ሲሠራው ነው የሚባለውን ሰምተው እንደሆነ ጠየቁ።

መልስ 17። ይህን የመለሰው ሰው አልራራም፤ ጥሩ አደረገ። ይህ ሕፃናትን እንጨቱ ሥር ለማስቀመጥ የተፈጠረ ሰበብ ነው። ጥሩ ቋጠሮ የሚመጣው ከልምድ ነው፤ ልምድ ደግሞ የአዋቂ ነው። ሕንዳዊው ካይላሽ ሳትያርቲ ይህንኑ ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ራግማርክ የተባለውን፣ በኋላ ጉድዊቭ የተሰኘውን ድርጅት እንዳቋቋመ ጻፈልን። ሕፃን ሳይሠራበት የተሠራ ምንጣፍ መለያ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከማላላ ዩሱፍዛይ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው እሱ ነው። እናትየው መልሱን አመስግነው፣ ከእንግዲህ ሲገዙ ይህንንም እንደሚጠይቁ ጻፉ።

መልስ 18 እስከ 22። ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ፤ ያወጣው ደግሞ የአዳማ አቧራ ነው። ነፋሱ እዚህ የኤሌክትሪክ ኃይል እስኪያመነጭ ድረስ እንደሚነፍስ፣ ያው ነፋስ ምንጣፋችንን በአሸዋ እንደሚሞላ አንዱ አማረረ። አጣቢዎች ኦሞ እንደሚያበዙና በደንብ እንደማያለቀልቁ ሌላው ከሰሰ። አንድ አጣቢ ደግሞ ውኃ በሚጠፋበት ሰሞን በቦቴ እየገዛ እንደሚሠራ ነግሮን ራሱን ተከላከለ። ከዚህ ሁሉ መሐል ጥቅም ያለው ምክር መልስ 21 ላይ ነው። የበግ ጸጉር ምንጣፍ ጠላቱ ውኃ ሳይሆን በውስጡ የተቀበረ አሸዋ ነው፤ በተረገጠ ቁጥር ክሩን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በፊቱ ደፍቶ ጀርባውን መምታት፣ አሸዋው እስኪወርድ። መታጠብ ካለበት በቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ሳሙና፣ ማድረቂያውም ጥላ። ጠቅልሎ ለወራት ጨለማ ውስጥ መተው ደግሞ ለብል መስጠት ነው።

መልስ 23። ሁላችንንም ያስቆጣው ይሄ ነው። አንድ ሰው በዚህ ዘመን የተማረ ልጅ እንጨት ሥር ተቀምጦ ክር ሲቋጥር መዋል እንደሌለበት፣ ሽመና ድሮም የማን ሥራ እንደነበር እንደሚታወቅ ጻፈ። ቀጥሎ የተጠቀመበትን የድሮ ስድብ አልደግመውም።

መልስ 24። ከጨንቻ የመጣ የሸማኔ ልጅ ነኝ ያለ ወጣት መለሰለት። ቃላቱ ስለታም ናቸው። አባቱ በሽመና አራት ልጅ አስተምሯል። ሰውዬው ለበዓል ነጭ ሲለብስ ማን እንደሠራው ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ አፋጠጠው።

መልስ 25። መምህሩ እንደገና ገቡ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብን የከለከሉበትን አዋጅ አነሱ። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ እየተባለ መሰደቡ አገር እንደሚያጠፋ ንጉሡ በግልጽ ነግረውን ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ ስልካችን ላይ መገኘቱ መምህሩን አሳዝኗቸዋል። እኔንም።

መልስ 26። ተሳዳቢው ቃሉ ከአፉ እንዳመለጠው ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። የጨንቻው ልጅ ይቅርታውን ተቀበለ። ዋናው ሐሳብ ግን አልተነሳም። የተማረ ልጅ ለምን አይሠራውም?

መልስ 27። ለዚያ መልስ የሰጠችው እዚሁ አዳማ፣ ቤቷ ውስጥ ምንጣፍ የምትሠራ ወጣት ናት። ኮሌጅ የጨረሰች ነች። እንጨቱን አናጢ ሠርቶላታል፤ ሁለት ቋሚ፣ ሁለት አግዳሚ፣ ድሩ የሚጠብቅበት ብሎን። የተፈተለውን ክር ከደብረ ብርሃን በአዲስ አበባ በኩል በመኪና ታስመጣለች። ድሯ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ስለማይለጠጥ ምንጣፉ ቅርጹን ይይዛል። ረቂቅ አትሠራም። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ስለሆነ ለወፍራም ቋጠሮ ነው የሚመቸው፣ ለወለልም የሚያስፈልገው ይኸው ጥንካሬው ነው። ነጩን፣ ጥቁሩን፣ ቡናማውንና ግራጫውን በጉ እንደሰጣት ሳታቀልም ትጠቀማለች። ፈታዮቹን በኪሎ ሳይሆን በፈተሉት ክር ጥራት እንደምትከፍልም ጽፋለች። መልስ 7 ያቺን መስመር አይታ ምስጋናዋን ሳትቆጥብ አፈሰሰችላት።

መልስ 28። ነጋዴው ነው፤ አሁን ድምፁ ተለውጧል። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሊያስቀምጥላት እንደሚችል፣ የእጅ ሥራ ብሎ በተለየ ቦታ እንደሚሰቅለው ነገራት።

መልስ 29። ልጅቷ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማማች። ምንጣፉ ሲሰቀል ደንበኛው ጀርባውን መግለጥ እንዲችል ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለበትም። የራሷና የፈታይዋ ስምም በጨርቅ ተጽፎ ጥጉ ላይ ይሰፋል። ነጋዴው እሺ አለ። ከዚህ ውይይት ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

መልስ 30። ቀይ የሚፈልግ ሰው ቀይ የሚባል በግ ጸጉሩ ቡናማ እንደሆነ ገብቶት፣ ደማቅ ቀይ ይሠራልኝ እንደሆነ ጠየቀ።

መልስ 31። መልስ 3 ነው የመለሰለት። በፋርስም በቱርክም ለዘመናት ቀዩ ይወጣ የነበረው ማደር ከሚባል ተክል ሥር ነው፤ ክሩ ቀለሙን እንዲይዝ አስቀድሞ ሻብ በሚባል ማዕድን ውኃ ይቀቀላል። በአንዴ የማይቀለም ክር ከሆነ ከአንዱ ቅይጥ ወደ ሌላው ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፣ በምንጣፉ ላይም እንደ ጥላ ሰንጠቅ ብሎ ይታያል። ይህ ጉድለት ተደርጎ ዋጋ እንዳይቀነስበት አደራ አለ።

መልስ 32። ልጅቷ ቀይ ለጊዜው እንደማትሠራ ነገረችው። ለማዘዝ ለምትፈልጉ ደግሞ ይህን ጽፋለች፦ ከመጻፋችሁ በፊት ወለላችሁን ለኩ፣ በሩ ሲከፈት ምንጣፉን እንዳይነካው ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተትም ለኩ፣ ወፍራም ቋጠሮ ከፍ ይላልና። እኔ የእኔን ለክቼ ልኬላታለሁ።